የወይዘሮ ደነቀች ሁለት መስኮቶች

ሰኞ ንጋት፤ አዲስ አበባ

«ድሃ ልትቆጥር ከሆነ ለምን ከዚህ ቤት አትጀምርም?»

ባለቤቴ ይህን ያለችኝ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ስንቄን በጨርቅ እየቋጠረች ነው። ቆቤን ደፍቼ ወጣሁ። በራችን ላይ ትሬንታ ኳትሮ የምንለው የጣልያን የጭነት መኪና እያጓራ ቆሟል። ጋቢናው ውስጥ በሾፌሩ ክርንና በሲኞር ካርሎ ሻንጣ መካከል ተወትፌ ጉዞ ተጀመረ።

ሲኞር ካርሎን ላስተዋውቅ። መነጽሩ ወፍራም፣ አንገቱ ቀጭን፣ ዕድሜው ሠላሳ ያልሞላው የቆጠራ ሊቅ ነው። ጠብመንጃ አይዝም፤ እርሳስ ይዞ ነው የዘመተው። እኔ አስተርጓሚው ነኝ። ጣልያንኛ የተማርኩት ከወረራው በፊት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበር። «ያኔ ለጣልያን አድረህ ነበር» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ብዬ ልለፈው፤ የቀረውን ከንስሐ አባቴ ጋር ጨርሻለሁ።

ሥራችን እንዲህ ነው። ለጦሩና ለመንገድ ሠራተኛው ሥጋ አልበቃ ብሎ፣ ካለው ቤት ሁሉ አንድ አንድ ከብት እንዲወሰድ ታዟል። ድሃ የሆነ ቤት ይማራል። ታዲያ ድሃው ማነው? ለዚህ ከሮማ ታትሞ፣ ማኅተም ተመቶበት የመጣ ወረቀት አለ። ሰባት ነገሮች ይጠየቃሉ፦ መስኮት፣ ወንበር፣ ጫማ፣ አልጋ፣ ፋኖስ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ ላም ወይም በሬ። ለተገኘው ሁሉ አንድ ምልክት ይደረጋል። ሦስትና ከዚያ በላይ ምልክት ያለው «ያለው» ተብሎ ከብቱን ይሰጣል፤ ከዚያ በታች ድሃ ነው።

ዓለም ገናን ስናልፍ ሲኞር ካርሎ ወረቀቱን ሊሞክረው ፈለገና ሾፌራችንን ጠየቀው። ተስፋይ ይባላል፤ ከአስመራ የመጣ፣ ቤትም ትዳርም የሌለው፣ በዚሁ መኪና ውስጥ የሚያድር ሰው ነው።

«መስኮት አለህ?»

«ይኸው፣ ግራና ቀኝ።»

«ወንበር?»

«የተቀመጥኩበት።»

«ፋኖስ?»

ተስፋይ የፊት መብራቱን አብርቶ አሳየው። ሦስት ምልክት! ሾፌራችን ቱሉ ቦሎ ሳንደርስ ሀብታም ሆነ። ሲኞር ካርሎ «ቤኔ፣ ይሠራል» ብሎ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ። ከወሊሶ ወዲያ ጫካው መንገዱን ሲያጠብበው፣ ተስፋይ አርበኞቹን ፈርቶ እንደ እብድ ነዳ፤ ሀብቱን ሁሉ ይዞ መሞት አልፈለገም።

ማክሰኞ፤ ከወልቂጤ ወደ ቸሃ

ወልቂጤ አቧራ፣ ቆርቆሮ፣ የመንገድ ሠራተኛ ድንኳንና አንድ ረጅም ገበያ ናት። ለስንቅ እንቁላል ልገዛ የጣልያንን የወረቀት ገንዘብ ብዘረጋ፣ ሻጯ ከፊት ከኋላ አገላብጣ አየችውና መለሰችልኝ።

«ወረቀት እኮ ነው ጌታው። ጠገራ ብር የለህም?»

«የለኝም።»

«ጨው?»

በአንድ አሞሌ ጨው አሥራ ሁለት እንቁላል ሰጠችኝ። ሲኞር ካርሎ ይህንንም ማስታወሻው ላይ አሰፈረ።

ከዚህ ወዲያ መኪና አይሄድም። በቅሎ ተከራይተን በጉብሬ ሜዳ አልፈን ሽቅብ ቸሃ ገባን። ሰፊ የሣር መንገድ አለ፤ ጀፎረ ይሉታል። ግራና ቀኙን ትላልቅ ጎጆዎች እንደ ሰልፈኛ ቆመዋል፤ ከየጎጆው ኋላ የእንሰት ጫካ ነው። አገሩ ሲያዩት ያጠግባል። እኔንም በእርግጥ ያጠገበኝ የአቶ ንዳ ቤት ነው።

አቶ ንዳ የመንደሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ትከሻቸው ሰፊ፣ አነጋገራቸው ለስላሳ፣ ዓይናቸው ግን ሁለት ጊዜ የሚያይ። ክትፎ በጣባ አቀረቡልን፤ ቅቤው እስከ ክርናችን ወረደ። ሲኞር ካርሎ አፉን ጠርጎ ወረቀቱን አወጣ።

መስኮት? ጎጆው አንድ በር ብቻ ነው ያለው፤ የለም። ወንበር? በርጩማ ወንበር አይባልም፤ የለም። ጫማ? አቶ ንዳ ባዶ እግራቸውን አነሱና አሳዩ። አልጋ፣ ፋኖስ፣ ሰዓት፤ የለም፣ የለም፣ የለም።

«ላም ወይም በሬ?»

አቶ ንዳ ተነፈሱ። «አንድም የለችኝ።»

«የበላነው ሥጋ ከየት መጣ?» አለ ሲኞር ካርሎ።

«የእንግዳ ነገር ነው ጌታዬ። እግዜር ይሰጣል።»

ቤቱ በእርግጥም ላም የለበትም። ምልክት፦ ዜሮ። ሲኞር ካርሎ ክትፎ ያበላውን ሰው በሐዘኔታ አይቶ «ምስኪን» ብሎ ጻፈ።

ቀጥሎ ወይዘሮ ደነቀች ዘንድ ገባን። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ አዲስ አበባ ገብተው የቀሩባት፣ ቀጭን፣ ቀና ብላ የምትሄድ ሴት ናት። ጎጆዋ አርጅቶ አጥቀርሽቷል። ግድግዳው በሁለት ቦታ በስብሶ ወድቆ ነፋሱ ይፏጫል። ሲኞር ካርሎ ከገባ ጀምሮ በጭሱ ሲያስነጥስ ነበርና፣ በእነዚያ ቀዳዳዎች ብርሃን ሲገባ አይቶ ፊቱ በራ።

«ፊኔስትራ! ሁለት መስኮት!»

ጫማስ? የሟች ባሏ ጫማ በሣር ተሞልቶ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ጫማ አለ። በጎጆው አንድ ጎን ደግሞ አንዲት ጥቁር ላም ታመነዥካለች።

«ላሚቱ ያንቺ ናት?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እዚሁ ነው የምታድረው» አለች ዓይኗን ሰበር አድርጋ።

እዚህ ላይ ልናዘዝ። ክትፎ በልቼ እንቅልፍ ተጭኖኝ ነበር። «እዚሁ ነው የምታድረው» የሚለውን በጣልያንኛ ማብራራት ሰለቸኝና «አዎ ትላለች» አልኩት። ሦስት ምልክት። በዚያ መንደር ከተቆጠሩት ቤቶች ሁሉ «ያለው» ተብሎ የተጻፈ አንድ ቤት ብቻ ነው፤ የወይዘሮ ደነቀች።

ስንወጣ አቶ ንዳ ከእንሰቱ ጀርባ ጠበቁኝ። ለስላሳው ድምፅ ጠፍቷል።

«ላሚቱን ጻፋችኋት?»

«ጻፍናት።»

«የኔ ናት።»

ነገሩን ያስረዱኝ ቆመን ነው። በአገሩ ልማድ ከብት የበዛለት ሰው ሁሉንም በአንድ ቤት አያሳድርም። በሽታ ቢገባ እንዳያልቁ፣ ለዓይንም እንዳይጋለጡ፣ ለየድሃው ቤት አንድ አንድ ያስጠጋል። አሳዳሪው ወተቱንና እበቱን ይጠቀማል፤ ጥጃው የባለቤቱ ነው። ላሚቱ የማን እንደሆነች ለእንግዳ መናገር ግን ነውር ነው። ወይዘሮ ደነቀች ቆዳዋ ቢገፈፍ አትናገርም።

«እበት የሌለው እንሰት አያድግም» አሉኝ አቶ ንዳ። «ላሚቱ ከሄደች እንሰቷ ይሄዳል። እንሰቷ ከሄደ እሷስ ምን ትበላለች?»

«እንግዲያው የኔ ናት ይበሉና ልንገረው።»

«ከተናገርህ በየቤቱ ያሉትን ሁሉ ይለቅሟቸዋል። አሥራ አራት ቤት ያለ ወተት ይቀራል።» ቀጥለውም «የኔም ጥቅም አለበት፣ አልክድም» አሉ።

ዝርዝሩ እሑድ ቡታጅራ ላለው አዛዥ ይሰጣል። የዚችን ሴት ጉሮሮ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ እውነቱን ብናገር ደግሞ የአሥራ አራት ቤት ጉሮሮ እዘጋለሁ።

ረቡዕ፤ እዚያው

ጠዋት ሲኞር ካርሎን በክብሩ በኩል ያዝኩት።

«እርስዎ ሊቅ ነዎት። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ቸሃን አይቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ ድሃ ማን እንደሆነ ድሃውን የሚያውቁ ሰዎችን ብንጠይቅስ?»

መነጽሩን ጠረገ። በሐሳቡ ቀንቶ የራሱ አደረገው፤ ሻይ ሳንጠጣ ወጣን።

ሴቶች ተሰብስበው እንሰት ወደሚፍቁበት ጓሮ ሄድን። ሲኞር ካርሎ ከወደቀ የእንሰት ግንድ ላይ ተቀምጦ «ድሃ ማለት ማነው?» አለ። ተሳሳቁ። ተርጉሜ ስደግመው ይበልጥ ተሳሳቁ። በኋላ አንዲት አሮጊት መፋቂያዋን ሳታቆም ጀመረች።

«ያልደረሰ እንሰት የሚነቅል ነው።»

«ግድግዳው ሲወድቅ ሰው ጠርቶ የማያሠራ ነው» አለች ሌላዋ። «ሰው ከጠራህ ታበላለህ። የምታበላው ከሌለህ በምን አፍህ ትጠራለህ?»

«ጠዋት ጠዋት በገል ፍም ይዞ ከጎረቤት የሚመጣ ነው» አለች ሦስተኛዋ። «ያለው ቤት እንጨት ስላለው እሳቱ አይጠፋም። ድሃ ግን በየቀኑ እሳት ይለምናል።»

ሲኞር ካርሎ ከግንዱ ላይ ዘሎ ተነሣ። እሳት! እሳት የሚታይ ነገር ነው፣ ይቆጠራል፣ ማንም ሊዋሸው አይችልም! ነገ ጎሕ ሲቀድ ጀፎረው ላይ ተቀምጦ ፍም ተሸካሚውን እንደሚቆጥር፣ እሳት የሚለምነውን ድሃ፣ የሚሰጠውን «ያለው» ብሎ እንደሚጽፍ አስታወቀ። እኔም ደስ አለኝ፤ ወይዘሮ ደነቀች በየማለዳው እሳት ለማኝ እንደሆነች ሴቶቹ በሹክሹክታ ነግረውኛል። ችግሩ እንዲህ ተፈታ ብዬ በምሳ ቆጮዬ ላይ አይብ አስጨመርኩ።

ደስታዬ ችኩል ነበር። ሲኞር ካርሎ የነገን ጥያቄ ዛሬ አውጇል፤ ያወጀውም በመንደሩ ሴቶች ፊት ነው።

ሐሙስ፤ የእሳቱ ጠዋት

ጎሕ ሲቀድ ጀፎረው ላይ ነን። ሲኞር ካርሎ ታጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ፣ ብርድ ልብሱን ለብሶ፣ እርሳሱን አሹሏል። ጎጆዎቹን አየሁ። ከአንዱም ጭስ አይወጣም። እሑድ ቅዳሴ ላይ እንኳ እንዲህ ያለ ጸጥታ የለም።

ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ይባላል። ሌሊቱን እያንዳንዱ አባወራ «ብልጡ እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ እሳቱን በውሃ አጥፍቷል። ማለዳ ሁሉም ገሉን ይዞ እሳት ሊለምን ሲወጣ ጎረቤቱን በር ላይ ገል ይዞ አገኘው። መንደሩ በሙሉ ገል ይዞ ሣሩ ላይ ቆሞ ተፋጠጠ። ሕፃናት በብርድ ያለቅሳሉ፤ ቁርስ የለም።

ከዚያ ከመንደሩ ዳር አንዲት ቀጭን ጭስ ቀጥ ብላ ወጣች። ሁሉም ወደዚያ ሮጠ።

ጭሱ የወይዘሮ ደነቀች ነው።

ሰልፉ ከደጇ እስከ ጀፎረው ደረሰ። ፊተኛው አቶ ንዳ ናቸው፤ ያን የሚያህል ትከሻ ገል ታቅፎ።

«አቶ ንዳ፣ እሳትዎ ጠፋ?» አልኳቸው።

«ጠፋ ልጄ» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «ድህነት ነው።»

ሲኞር ካርሎ ቆጠረ። ድሃ፦ መንደሩ በሙሉ። ያለው፦ አንድ ቤት። «አየህ!» አለኝ በደስታ። «ሁለቱም መለኪያ አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ። ሴትዮዋ ሀብታም ናት!»

ጎጆዋ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ወይዘሮ ደነቀች ለአንዱ ፍም እየሰጠች ሌላውን «ቆይ፣ ተራህን ጠብቅ» ትላለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ፊቷ ግን እንደ ሙሽራ ነው።

«እንዴት ሳይጠፋ አደረ?» አልኳት።

«የሰው አገር ሰው ቁጭ ብሎ እያየኝ በገል እሳት ልለምን?» አለች። «እንግዳ ፊት አድርጌው አላውቅም፣ አላደርገውም። ስንት ዘመን ከነሱ ስወስድ ኖርኩ። ዛሬ እንኳ አንድ ቀን ከኔ ይውሰዱ።»

ዙሪያውን አየሁ። ከትናንት ወዲያ የነበረው በርጩማ የለም። እንሰት የምትፍቅበት ሰሌዳም የለም። ሌሊቱን ሙሉ እነሱን ስታነድ ነው ያደረችው። ያለው የለኝም ሲል፣ የሌላት አለኝ አለች፤ እኔና ሲኞር ካርሎ ደግሞ ሁለቱንም አምነን ጻፍን። የወጣልን ሊቃውንት!

ደስታዋን ማጨለም ሞት ሆነብኝ፤ ግን ነገርኳት። «እናቴ፣ እሳት ያለው ቤት ላሙን ይሰጣል።»

ፍሙን የያዘችበት እንጨት እጇ ላይ ቆመ። ልትቀመጥ ዞር አለች፤ በርጩማዋ የለም፤ መሬት ላይ ተቀመጠች። ላሚቱን አየቻት። ያን ጊዜ በራሴ አፈርኩ፤ እውነቴን ነው፣ ባለቤቴ ምንም ብትለኝ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ወጥቼ ሲኞር ካርሎን ጎትቼ አስገባሁት። «ምን እንዳነደደች ይጠይቋት» አልኩት። ጠየቀ። እንቢ አለች። እኔ በጣቴ አሳየሁት፤ በርጩማው የነበረበትን፣ ሰሌዳው የነበረበትን። በግድግዳው ቀዳዳ ደግሞ ነፋስ ገብቶ አመዱን ፊቱ ላይ በተነበት። እጁን ወደ ቀዳዳው ሰደደና የበሰበሰውን እንጨት ነካ። ከእጁ ላይ ተፈረፈረ።

«ይህ መስኮት አይደለም» አለ ቀስ ብሎ።

«አይደለም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ክትፎ በልቼ ነበር።»

መነጽሩን አውልቆ አመዱን ጠረገ። ከዚያ «የታተመው ወረቀት ላይ ‹ምን አነደድሽ› የሚል ጥያቄ የለም» አለኝ። «የእሳቱን ቆጠራ እተወዋለሁ፤ ማኅተም ያለበትን ግን መለወጥ አልችልም። ከማስረከቤ በፊት አንድን ቤት አንድ ጊዜ ዳግም መቁጠር ግን ይፈቀድልኛል። እነዚህ ቀዳዳዎች ባይኖሩ ሁለት ምልክት ብቻ ይሆን ነበር።»

ወጣሁና ገል ይዞ ለቆመው መንደር ተረጎምኩ። በዚህ ጉዞ አንድ ቃል ሳላስቀር የተረጎምኩት ይህን ብቻ ነው። እንዲያውም አንድ ጨመርኩበት፤ «ዳግም የሚቆጥረው ነገ ከቀትር በኋላ ነው» አልኩ። ይህን ሲኞር ካርሎ አላለም፤ በኋላ ነገርኩት።

አቶ ንዳ ፍማቸውን ከነገሉ መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ጭቃ!» አሉ።

ዓርብ፤ ዳግም ቆጠራ

ያን ያህል ሰው የዋለበት የደቦ ሥራ አይቼ አላውቅም። ወንዶች እንጨት ይፈልጣሉ፣ ግድግዳ ያቆማሉ። ሴቶች ጭድ ከጭቃ እየረገጡ ይዘፍናሉ። ስለ ሲኞር ካርሎ አንገት ግጥም ገጥመው ነበር፤ ምን እንደሚሉ ሲጠይቀኝ ምርቃት ነው አልኩት። እሱም ቡትስ ጫማውን አውልቆ ጭቃ ረገጠ።

ወይዘሮ ደነቀች ግን ጥግ ቆማ እጇን ታፍተለትላለች። ሠራተኛ ደጇ ውሎ የምታበላው የላትም። ይህን ጊዜ የአቶ ንዳ ሚስት አንድ ድፍን ቆጮና፣ ዓርብ ነውና ቅቤ ያልነካው ጎመን በትልቅ ጣባ ይዛ መጣች። ሌሎቹም ተከትለው ከየቤታቸው አመጡ። ሁሉንም ወይዘሮ ደነቀች ፊት አስቀመጡ።

«አድዪ እንጂ» አለቻት የአቶ ንዳ ሚስት። «የቤቱ ባለቤት አንቺ አይደለሽ?»

ወይዘሮ ደነቀች ነጠላዋን አጣፋች፤ ቆጮውን ቆርሳ ለሁሉም አደለች። የእኔ ድርሻ ትንሽ አነሰ፤ ይገባኛል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሲኞር ካርሎ ጭቃ ያለበት እጁን ታጥቦ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ፊቱን እንደ ዳኛ አኮሳትሮ ገባ። ምልክት አደረገ፤ ጫማ አለ፣ ላም አለች። ወደ ግድግዳው ሄዶ መዳፉን ለጠፈበት። ጭቃው እርጥብ ነበርና አምስቱ ጣቶች ታትመው ቀሩ።

«መስኮት፦ የለም።»

ሁለት ምልክት። ድሃ! መንደሩ በእልልታ ቀለጠ። ድሃ ነሽ ተብላ እልል የተባለላት ሴት ከሷ በቀር መኖሯን እንጃ።

እሑድ፤ ቡታጅራ

ተራራውን በበቅሎ ለማለፍ ሁለት ቀን ፈጀብን። ከፍታው ላይ ጉም ይዞን ቆመን ሳለ ሲኞር ካርሎ ሳልጠይቀው አወራኝ። የእናቱ ቤትም ሁለት መስኮት እንደነበረው፣ ክረምት ክረምት በጨርቅ ይወትፏቸው እንደነበር፣ መስታወት የሚባል ነገር ያየው ከተማ ሲገባ እንደሆነ። ይህን እያወቀ እንዴት ያን ወረቀት ይዞ እንደተነሣ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እኔም ከየት እንደተነሣሁ አውቃለሁ።

ቡታጅራ ባሕር ዛፍ፣ የገበያ ጫጫታ፣ ሰላምታቸውን በአረብኛ የሚለዋወጡ ነጋዴዎችና የጠቆረ በርበሬ ሽታ ናት። አዛዡ ወፍራም ሰው ነው። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ገልብጦም አየው።

«በዚያ አገር ሁሉ ሀብታም የለም?»

«የለም ጌታዬ» አለ ሲኞር ካርሎ።

«ከብቱ የት ሄደ?»

«በየድሃው ቤት አንድ አንድ አለ። ግን መስኮት የለም።»

«መስኮት ከሥጋ ምን አገናኘው!» ብሎ አዛዡ ጠረጴዛውን ሲደበድብ፣ ሲኞር ካርሎ ወረቀቱ ሥር ያለውን የሮማን ማኅተም በእርሳሱ ነካ ነካ አደረገው። አዛዡ ማኅተሙን አየ። እኔም ላቤን ጠረግሁ። ብዙ ካየው በኋላ ፈረመ።

በማግስቱ የበርበሬ ጭነት ላይ ተቀምጬ እያስነጠስኩ አዲስ አበባ ገባሁ። ባለቤቴ «ስንት ድሃ አገኘህ?» አለችኝ። «ሁለት» አልኳት፤ «አንዱ እኔ ነኝ።» ሁለተኛው ሲኞር ካርሎ መሆኑን አልነገርኳትም።

ከዚያ ወዲህ

ጣልያን ከወጣ በኋላ ለሠርግ ወልቂጤ ተጠርቼ በዚያው ወደ ቸሃ ወጣሁ። አቶ ንዳ ክትፎ አበሉኝ፤ ስለ ላሞቻቸው አልጠየቅሁም።

የወይዘሮ ደነቀች እንሰት ከጎጆዋ በልጧል። ግድግዳው ላይ የሲኞር ካርሎ አምስት ጣቶች ደርቀው አሉ። ከጣቶቹ አጠገብ ግን ሌላ ነገር አየሁ፤ በልክ የተቆረጠ፣ የእንጨት መዝጊያ ያለው፣ በአናጢ የተሠራ መስኮት። እያየሁት አንዲት ጎረቤት ገል ይዛ መጣች። ወይዘሮ ደነቀች ከውስጥ በመስኮቱ ፍም ሰጠቻት፤ ከዚያ እኔን አየችኝና አንገቷን አወጣች።

«ያ መነጽር ያለው ሰውዬ የት ገባ?»

«አገሩ ሄደ መሰለኝ፣ እናቴ።»

«ካገኘኸው ንገረው» አለች መዝጊያውን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ። «አሁን ይምጣና ይቁጠረው።»